የማያን ከተሞች በሕዝብ አውቶቡስ

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ የቺቼን ኢትሳ በር ሲከፈት ሰልፉ አጭር ነው። ሣሩ ገና በጤዛ እንደራሰ ነው። የመታሰቢያ ዕቃ የሚሸጡት የአካባቢው ነጋዴዎች በጋሪ የጫኑትን እየገፉ ገብተው ጠረጴዛቸውን ይዘረጋሉ። የኩኩልካን ፒራሚድም በሰፊው ሜዳ መካከል ብቻውን ቆሟል። ወደ 5 ሰዓት ግድም ግን ነገሩ ይለወጣል። ከካንኩን ሆቴሎች ጎብኚ የጫኑ ትልልቅ አውቶቡሶች ተከታትለው ይደርሳሉ፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ፎቶ ለመነሳት እንኳ ተራ መጠበቅ ግድ ይሆናል። ይህን ስፍራ በዓመት ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ይጎበኘዋል፤ አብዛኛው የሚመጣውም በዚያው የእኩለ ቀን ሰዓት ነው። በማለዳው ሰልፍ ላይ ከሚገኙት ብዙዎቹ በአቅራቢያዋ ቫያዶሊድ ከተማ አድረው፣ ጎሕ ሲቀድ በሕዝብ ማመላለሻ የመጡ መንገደኞች ናቸው።

የማያን ጥንታዊ ከተሞች ለማየት የግድ ከአስጎብኚ ድርጅት ጉዞ መግዛት አያስፈልግም። ከተሞቹ የተበተኑበት ምድር ደቡብ ምሥራቅ ሜክሲኮን፣ ጓቲማላን፣ ቤሊዝን እንዲሁም የሆንዱራስንና የኤል ሳልቫዶርን ምዕራባዊ ክፍል ይይዛል። ይህ ሁሉ አገር በአውቶቡስና በሚኒባስ የተሳሰረ ነው። በአንዳንዱ መስመር ወንበሩ ወደ ኋላ የሚለጠጥ፣ ማቀዝቀዣው ሹራብ የሚያስደርብ ዘመናዊ አውቶቡስ ይሠራል። በሌላው መስመር ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ተማሪ ሲያመላልስ ያረጀ አውቶቡስ ደማቅ ቀለም ተቀብቶ ገበሬውን ከነምርቱ ይጭናል። በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው ገንዘብ ይቆጥባል፤ ትልቁ ጥቅም ግን ሌላ ነው። አጠገቡ የሚቀመጠው ተሳፋሪ ብዙ ጊዜ እነዚያን ከተሞች የገነባው ሕዝብ ዘር ነው።

ማያዎች አንድ ቀን በድንገት ጠፉ የሚለው ተረት በሰፊው ይወራል። ከአእምሮ ሊወጣ ይገባል። ዛሬ የማያ ቋንቋዎችን የሚናገረው ሕዝብ በሚሊዮኖች ይቆጠራል። ጓቲማላ ብቻ 22 የማያ ቋንቋዎችን ታውቃለች። በዩካታን ገበያና መናኸሪያም ከስፓኒሽ ጎን ለጎን የዩካታን ማያ ቋንቋ ይሰማል። የወደቁት በደቡቡ ቆላ የነበሩ መንግሥታት ናቸው። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተደጋጋሚ ድርቅ፣ የማያባራ ጦርነትና የነገሥታቱ ተሰሚነት ማጣት ተደራርበው ሕዝቡ ከተሞቹን እየለቀቀ ወጣ። በቲካል የተቀረጸው የመጨረሻው ባለ ቀን ሐውልት የ869 ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሰዓቱ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ነው።

በ1839 አሜሪካዊው ጆን ሎይድ ስቲቨንስና እንግሊዛዊው አርክቴክት ፍሬድሪክ ካተርዉድ ወደዚህ ምድር ሲመጡ የሚጓዙት በበቅሎ ነበር። በጭቃ እየተዘፈቁ፣ በወባ እየተንቀጠቀጡ ኮፓን ደረሱ። ስቲቨንስ ፍርስራሹን ከባለይዞታው በ50 ዶላር ገዛው። ካተርዉድ ጭቃ ላይ ቆሞ ከዚያ በፊት ማንም በዚያ ጥራት ያልሣላቸውን ሐውልቶች ሣለ። በ1841 የወጣው መጽሐፋቸው ማያን ለቀረው ዓለም አስተዋወቀ። በዘመኑ የነበሩ ጸሐፊዎች ከተሞቹን የሠሩት ግብፆች ናቸው፣ ወይም ከእስራኤል የጠፉት ነገዶች ናቸው ይሉ ነበር። ስቲቨንስ ግን በአካባቢው የሚኖሩት ሰዎች አያቶች ሠሯቸው ብሎ በግልጽ ጻፈ። ትክክልም ነበር።

ዛሬ የጉዞው መነሻ ለአብዛኛው ሰው የካንኩን አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ካንኩን ራሷ ከ1970 ወዲህ ለቱሪዝም ተብላ የተቆረቆረች ከተማ ስለሆነች ለታሪክ ፈላጊ የምትሰጠው ጥቂት ነው፤ በዚያው ቀን ለቅቆ መውጣት ይሻላል። በዚህ ክልል የረጅም ርቀት ጉዞውን የያዘው በ1939 የተመሠረተው አዴኦ የተባለው የአውቶቡስ ኩባንያ ነው። ትኬት በመናኸሪያው መስኮት ወይም በስልክ መተግበሪያ ይገዛል፤ የመቀመጫው ቁጥር ትኬቱ ላይ ይታተማል። ሻንጣ ሲረከቡ ቁጥር ያለው ወረቀት ያስሩበትና ቅዳዱን ለባለቤቱ ይሰጣሉ፤ ያንን ቁራጭ ሳያሳዩ ሻንጣ ማውጣት አይቻልም። አውቶቡሱ በሰዓቱ ይነሳል። ውስጡ እውነትም ይበርዳል፤ ቆላ ነው ብሎ በቀጭን ካናቴራ የገባ ሰው ሌሊቱን ሲንቀጠቀጥ ያነጋል።

ከእሱ ዝቅ ብሎ ሁለተኛ ደረጃ የሚባለው አውቶቡስ አለ። በየመንደሩ እየቆመ ይሄዳል፤ እጁን ዘርግቶ ያስቆመውን ሁሉ ያሳፍራል። ከዚያም ኮሌክቲቮ የሚሉት ሚኒባስ ይመጣል። ሲሞላ ይነሳል፤ ክፍያው ለሹፌሩ በእጅ ነው። ተሳፋሪ «ባሃን!» ብሎ ድምፁን ከፍ ካደረገ ወራጅ አለ ማለቱ ነው። ከቫያዶሊድ ወደ ቺቼን ኢትሳ በማለዳ የሚወስደው ይኸው ኮሌክቲቮ ሲሆን መንገዱ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም።

በዚህ መስመር ብዙ መንገደኛ የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ካንኩንና ቱሉም ያሉበት የኪንታና ሮ ግዛት ሰዓት ቫያዶሊድና ቺቼን ኢትሳ ካሉበት ከዩካታን ግዛት በአንድ ሰዓት ይቀድማል። ከካንኩን ወደ ምዕራብ ሲሄዱ አንድ ሰዓት ይተርፋል፤ ሲመለሱ ያው ሰዓት ይከሰራል። የመመለሻ በረራ ያለው ሰው ይህን ሳያሰላ መናኸሪያ ከደረሰ አውቶቡሱም አውሮፕላኑም ሊያመልጡት ይችላሉ።

ቺቼን ኢትሳ ውስጥ ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት ፒራሚዱ ነው። ከአራቱ ጎኖች በእያንዳንዱ 91 ደረጃዎች አሉት፤ ከላይ ያለው የመቅደሱ እርከን ሲጨመር 365 ይሆናል። ይህ ቁጥር ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው። የማያ የፀሐይ ዓመት እያንዳንዳቸው 20 ቀን ያላቸው 18 ወራት ነበሩት፤ ከመጨረሻው ወር በኋላ አምስት ቀን ይተርፋል። ጳጉሜን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ስሌቱ ባዕድ አይሆንበትም። ልዩነቱ ማያዎች በየአራት ዓመቱ ስድስተኛ ቀን አለመጨመራቸው፣ አምስቱን ቀናትም የሚፈሩና መጥፎ ዕድል የሚያመጡ አድርገው ማየታቸው ነው። በመጋቢትና በመስከረም ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን ወደ ማምሻው የምትገኝ ፀሐይ በሰሜኑ ደረጃ ጠርዝ ላይ የሦስት ማዕዘን ጥላዎች ሰንሰለት ትጥላለች። ጥላው ከታች ከተቀረጸው የእባብ ራስ ጋር ሲገናኝ ግዙፍ እባብ ከሰማይ የሚወርድ ይመስላል። ይህን ለማየት በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ስለሚጎርፍ ጸጥታ የሚወድ ሰው ሌላ ሳምንት ቢመርጥ ይበጀዋል። ከደረጃው ፊት ቆሞ አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጎ ማጨብጨብ ግን በማንኛውም ቀን ይቻላል። የሚመለሰው የገደል ማሚቶ ጭብጨባ አይመስልም፤ ኬትዛል የተባለችው ቅዱስ ወፋቸው ጩኸት ነው የሚመስለው።

ፒራሚዱ ላይ መውጣት ከ2006 ጀምሮ ተከልክሏል። በዚያ ዓመት አንዲት ጎብኚ ከደረጃው ወድቃ ሞታ ነበር።

በሩ ላይ ሁለት ክፍያ መኖሩን ማወቅም ጠቃሚ ነው። አንዱ ለፌዴራሉ የቅርስ መሥሪያ ቤት፣ ሌላው ለዩካታን ግዛት ይከፈላል፤ የውጭ ዜጋ ሁለቱንም ይከፍላል። እሑድ ለሜክሲኮ ዜጎች መግቢያው ነጻ ስለሆነ መጨናነቁ ይብሳል።

ከዚያ ወደ ምዕራብ ሁለት ሰዓት ያህል ተጉዞ ሜሪዳ ይደረሳል። ስፓኞች ሜሪዳን በ1542 የቆረቆሩት ቲሆ የምትባል የማያ ከተማ ላይ ነው፤ ቤተ መቅደሶቿን አፍርሰው ድንጋዩን ለካቴድራላቸው ተጠቀሙበት። ከሜሪዳ ወደ ደቡብ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚወስደው የሁለተኛ ደረጃ አውቶቡስ ኡሽማልን ያደርሳል። በዚህ መስመር የሚሠራው አውቶቡስ ጥቂት ስለሆነ፣ ከመውረድ በፊት የመመለሻውን ሰዓት ሹፌሩን መጠየቅ ግዴታ ነው። ኡሽማል ከቺቼን ኢትሳ ያነሰ ሰው የሚሄድባት፣ በውበቷ ግን የምትበልጣት ከተማ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። የገዢው ቤተ መንግሥት የሚባለው ረጅም ሕንፃ ግንባሩ በሺዎች በሚቆጠሩ ተጠርበው በተገጣጠሙ ድንጋዮች ተሸፍኗል። ከእነሱ መካከል አፍንጫው እንደ ኩምቢ የተጠማዘዘው የዝናብ አምላክ ቻክ ደጋግሞ ብቅ ይላል። ምክንያቱ ውኃ ነው። የዩካታን ምድር የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ወንዝ የለውም፤ ዝናቡ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። በቺቼን ኢትሳና በቫያዶሊድ አካባቢ የድንጋዩ ጣሪያ ተደርምሶ የከርሰ ምድሩን ውኃ የሚያሳዩ ሴኖቴ የተባሉ ጥልቅ ጉድጓዶች አሉ፤ ሰዎቹ ከእነሱ ይቀዱ ነበር። በኡሽማል ግን እነዚያም የሉም። የሕዝቡ ሕይወት የተመሠረተው መሬት ውስጥ ቆፍሮና በኖራ ለስኖ በሚያጠራቅመው የዝናብ ውኃ ላይ ነበር።

በምሥራቅ በኩል ያሉት ቱሉምና ኮባም በአውቶቡስ ይደረስባቸዋል። ቱሉም በባሕር ዳር ገደል ላይ ያለች በቅጥር የተከበበች ከተማ ናት፤ በ1518 የስፔን መርከበኞች ከባሕር ላይ ሲያዩዋት ሰው ይኖርባት ነበር። ኮባ ደግሞ የመንገዶች ከተማ ናት። ማያዎች የሚጭን ከብትም ሠረገላም አልነበራቸውም፤ ዕቃው ሁሉ የሚሄደው በሰው ጀርባ ነበር። እንዲያም ሆኖ በድንጋይ ተገንብቶ በነጭ ኖራማ አፈር የተሸፈነ ከፍ ያለ መንገድ ይሠሩ ነበር። ከኮባ ተነስቶ ወደ ምዕራብ እስከ ያሹና የሚዘልቀው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

ከሜሪዳ በሌሊት አውቶቡስ የተሳፈረ ሰው ጠዋት ፓሌንኬ ይደርሳል። እዚህ ምድሩ ይለወጣል፤ ደረቁ ቁጥቋጦ አልቆ ደኑ ይጀምራል። ፍርስራሹ ከከተማው 8 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ኮሌክቲቮዎች በዋናው ጎዳና ላይ ቀኑን ሙሉ ይመላለሳሉ። ከደኑ ውስጥ የሚመጣው የጩኸተኛ ዝንጀሮዎች ድምፅ ለማያውቀው የአንበሳ ግሣት ይመስለዋል።

ፓሌንኬ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል። በ615 በ12 ዓመቱ የነገሠው ፓካል እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 683 ድረስ ገዝቷል። ከ1949 ጀምሮ አልቤርቶ ሩስ የተባለ የሜክሲኮ አርኪዮሎጂስት «የጽሑፎች መቅደስ» በሚባለው ፒራሚድ አናት ላይ ሲሠራ፣ ከወለሉ ድንጋዮች አንዱ በመክደኛ የተደፈኑ ቀዳዳዎች እንዳሉት ልብ አለ። ድንጋዩ ሲነሳ በፍርስራሽ የተሞላ ደረጃ ወደ ታች ይወርዳል። ሠራተኞቹ ያንን ፍርስራሽ በእጅ እያወጡ ለመጨረስ ዓመታት ፈጀባቸው። በ1952 ታች ሲደርሱ ሦስት ማዕዘን የድንጋይ በር፣ ከበሩ ኋላ ደግሞ ከአንድ ቋጥኝ የተፈለፈለ የሬሳ ሣጥን አገኙ። ክዳኑ ብቻ 3.8 ሜትር ያህል ይረዝማል። ውስጡ የተኛው ንጉሥ ፊቱ ከጄድ ቁርጥራጮች በተሠራ ጭንብል ተሸፍኖ ነበር። ከመቃብሩ ተነስቶ በደረጃው ጠርዝ እስከ መቅደሱ ወለል የሚወጣ ቀጭን የድንጋይ ቱቦም ተገኘ፤ ሙቱና ሕያዋኑ እንዲገናኙበት የተተወ መተንፈሻ ነው ተብሎ ይታመናል። ጭንብሉ በ1985 በገና ዋዜማ ከሜክሲኮ ሲቲ ሙዚየም ተሰርቆ በ1989 ተመልሷል። ሣጥኑ ግን ዛሬም እዚያው ፒራሚዱ ውስጥ ነው። ደረጃው ከፒራሚዱ ጋር አብሮ ስለተሠራና ሣጥኑ ከደረጃው ስለሚሰፋ ማውጣት አይቻልም።

ፓሌንኬ ስላለችበት ስለ ቺያፓስ ግዛት መንገዶች እውነቱን መናገር ይገባል። ከፓሌንኬ በኦኮሲንጎ በኩል ወደ ሳን ክሪስቶባል የሚወጣው የተራራ መንገድ በሕዝብ ተቃውሞ ይዘጋል፤ ዘረፋም ይደርስበታል። በዚህ ምክንያት ትልልቆቹ አውቶቡሶች ረጅሙን ዙሪያ ጥምጥም መንገድ ይመርጣሉ። ከ2023 ወዲህም በጓቲማላ ድንበር አካባቢ በወንጀለኛ ቡድኖች ግጭት የተነሳ ጸጥታው ተበላሽቷል። በዚህ በኩል ድንበር ለመሻገር የሚያስብ ሰው ፓሌንኬ ከተማ ውስጥ ያሉ የአውቶቡስ ሠራተኞችንና የሆቴል ባለቤቶችን ጠይቆ ይወስን፤ እነሱ ከማንኛውም መጽሐፍ የተሻለ ያውቃሉ። በቀን መጓዝ፣ ካልሆነም መንገዱን መተው ያዋጣል።

ረጋ ያለው መሻገሪያ በቤሊዝ በኩል ነው። ቼቱማል ከተባለችው የሜክሲኮ ድንበር ከተማ ተነስቶ በቤሊዝ ሲቲና በሳን ኢግናሲዮ አልፎ ጓቲማላ ይገባል። የቤሊዝ የሥራ ቋንቋ እንግሊዝኛ ስለሆነ ስፓኒሽ የማያውቅ መንገደኛ እዚህ ትንፋሽ ያገኛል። ከሳን ኢግናሲዮ ወደ ድንበሩ የሚሄደው አውቶቡስ ሳን ሆሴ ሱኮትስ በተባለ መንደር ያልፋል። እዚያ ለወረደ ሰው ሹናንቱኒች ከወንዙ ማዶ ናት። ለብዙ አሥርት ዓመታት መኪናም ሰውም የሚሻገረው በእጅ በሚዞር መዘውር በሽቦ ገመድ በሚጎተት ታንኳ ነበር። ከዚያ ሽቅብ በእግር ተጉዞ 40 ሜትር ገደማ ከሚደርሰው ሕንፃ አናት ላይ ሲቆሙ ጓቲማላ ፊት ለፊት ትታያለች።

የጓቲማላ መግቢያ ከተማ ፍሎሬስ በሐይቅ ላይ ያለች ትንሽ ደሴት ናት። ብዙ ጎብኚ ለቲካል ማደሪያ ብቻ አድርጎ ይቆጥራታል፤ ነገር ግን ራሷ ትልቅ ታሪክ አላት። የመጨረሻው ነጻ የማያ መንግሥት መናገሻ የነበረችው ኖህፔቴን የቆመችው እዚህችው ደሴት ላይ ነበር። በስፔን ጦር እጅ የወደቀችው በ1697 ነው፤ ይህም ሜሪዳ ከተቆረቆረች ከ155 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ከፍሎሬስ ቲካል በሚኒባስ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ያስኬዳል፤ የመጀመሪያዎቹ መኪኖች የሚነሱት ከንጋቱ በፊት ነው።

ቲካል ሰፊ ነው፤ ብሔራዊ ፓርኩ ብቻ 576 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ካልተሰጠው አይጠገብም። 65 ሜትር ገደማ የሚረዝመው አራተኛው መቅደስ አናት ላይ በእንጨት ደረጃ ይወጣል፤ ከላይ የሚታየው እስከ አድማስ የተዘረጋ ደን ሲሆን፣ የሌሎቹ መቅደሶች ጫፍ ብቻ ከዛፎቹ በላይ ብቅ ብቅ ይላል። በ2018 ይፋ የሆነ ጥናት ከአውሮፕላን በሌዘር በተነሳ ካርታ በሰሜን ጓቲማላ ደን ሥር ከ60,000 በላይ ያልታወቁ የማያ ግንባታዎች መኖራቸውን አሳይቷል። ቤቶች፣ የእርሻ እርከኖች፣ ምሽጎችና ከተማን ከከተማ የሚያገናኙ መንገዶች ይገኙበታል። አራተኛው መቅደስ ላይ ቆሞ ያንን አረንጓዴ ባሕር የሚያይ ሰው በሥሩ ምን እንዳለ ቢያውቅ ዕይታው ሌላ ይሆናል።

ከቲካል ወደ ደቡብ የሚወርድ መንገደኛ በሰፊው የታወቀውን የጓቲማላ አውቶቡስ ያገኘዋል። አገሬው ካሚዮኔታ ይለዋል። አሜሪካ ውስጥ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ቢጫ የተማሪ አውቶቡሶች በጨረታ ይገዙና በሜክሲኮ በኩል ተነድተው ይመጣሉ። ጋራዥ ገብተው ሞተራቸውና ማርሻቸው ለተራራው እንዲስማማ ይቀየራል፤ ጣሪያው ላይ የዕቃ መጫኛ ይበየዳል። ግንባራቸው በቀይ፣ በአረንጓዴና በወርቃማ ቀለም ያሸበርቃል፤ የሴት ስም ወይም የጸሎት ቃል በትልቁ ይጻፍበታል። ለሁለት ሕፃናት በተሠራው ወንበር ሦስት ጎልማሶች ይቀመጣሉ፤ የጫፉ ተሳፋሪ ግማሽ አካሉ አየር ላይ ነው። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ጓቴ! ጓቴ! ጓቴ!» እያለ ወደ ዋና ከተማዋ የሚሄደውን ይጣራል። መኪናው እየሄደ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቅርጫት ያስራል፤ በኋላ በር ገብቶ ሂሳብ ይሰበስባል፤ ማን እንደከፈለና ለማን መልስ እንዳለበት ሳይጽፍ ያስታውሳል። በጀርባዋ ሕፃን ያዘለች፣ በእጅ የተሸመነ ቀሚስ የለበሰች እናት ካቅቺኬል ወይም ኪቼ እየተናገረች አጠገቡ የተቀመጠችበት መንገደኛ ሙዚየም ውስጥ የማያገኘውን ያያል።

ከእነዚያ ተሳፋሪዎች መካከል ዕድሜያቸው የገፋው ብዙ አይተዋል። ከ1960 እስከ 1996 በዘለቀው የጓቲማላ የእርስ በርስ ጦርነት ከ200,000 በላይ ሰው ሞቷል ወይም ደብዛው ጠፍቷል። በ1999 የወጣው የእውነት አጣሪ ኮሚሽን ሪፖርት እንዳለው ማንነታቸው ከተለየው ሰለባዎች 83 በመቶው ማያዎች ናቸው። ካሚዮኔታዎቹም ከአደጋ ነጻ አይደሉም። በዋና ከተማዋ ወሮበሎች ከሹፌሮች ግብር ይጠይቃሉ፤ ባለመክፈላቸው የተገደሉ ሹፌሮች ብዙ ናቸው። ስለዚህ በካሚዮኔታ የሚሄድ እንግዳ በቀን ብቻ ይሂድ፤ ቦርሳውን ጉልበቱ ላይ ያድርግ፤ ለረጅሙ መንገድና ለጓቲማላ ሲቲ ውስጥ ጉዞ ሌላ መጓጓዣ ይምረጥ።

ከፓሌንኬና ከቲካል ዝና ኋላ የተረሳች፣ በአውቶቡስ ለሚጓዝ ግን እንደ ኪሪጓ የምትመች የለችም። ከጓቲማላ ሲቲ ወደ ካሪቢያን ወደብ በሚሄደው አውራ ጎዳና ላይ መገንጠያው ጋ መውረድ ነው፤ ከዚያ በሙዝ እርሻ መካከል 3 ኪሎ ሜትር በእግር ወይም በባለሦስት እግር ታክሲ ይኬዳል። እዚያ በሣር ሜዳ ላይ የቆመው ኢ የተባለው ሐውልት መሬት ውስጥ ከተቀበረው ክፍል ጋር 10.6 ሜትር ይረዝማል። ማያዎች ካቆሟቸው ሐውልቶች ሁሉ ትልቁ ነው። የተቀረጸው በ771 ከአንድ የአሸዋ ድንጋይ ነው። ኪሪጓ እንዲህ የኮራችበት ምክንያት አላት። በ738 ትንሿ ከተማ የበላይዋን የኮፓንን ንጉሥ ማርካ አንገቱን ቆርጣዋለች።

የተሸነፈችው ኮፓን ድንበር ተሻግራ ሆንዱራስ ውስጥ ናት፤ ከኤል ፍሎሪዶ የድንበር ኬላ 12 ኪሎ ሜትር በሚኒባስ። እዚያ ያለው የጽሑፍ ደረጃ ከ2,000 በላይ ምልክቶች የተቀረጹበት ሲሆን እስካሁን ከተገኙት የማያ ጽሑፎች ሁሉ ረጅሙ ነው። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አብዛኛው ደረጃ ተንዶ ስለነበር፣ ጠጋኞቹ ማንበብ ሳይችሉ ድንጋዮቹን እንደመሰላቸው ደረደሩ፤ ዛሬ ባለሙያዎች ቅደም ተከተሉን በጥናት እየመለሱ ነው። ንባቡ ራሱ የተገኘው በረጅም ጎዳና ነው። በ1562 ዲዬጎ ዴ ላንዳ የተባለ የካቶሊክ ቄስ ማኒ በምትባል የዩካታን ከተማ የማያ መጻሕፍትን ሰብስቦ አቃጠለ፤ በዓለም ላይ የተረፉት አራት ብቻ ናቸው። ያው ሰው በኋላ በጻፈው መጽሐፍ የማያን ፊደል ያለውን ዝርዝር አስቀምጦ ነበር። በ1952 ሌኒንግራድ ያለው ዩሪ ክኖሮዞቭ የማያ ጽሑፍ ድምፅን የሚወክሉ ምልክቶች እንዳሉት ያሳየው በዚያ ዝርዝር ተመርኩዞ ነው። ክኖሮዞቭ የማያን ምድር በዓይኑ ያየው ከብዙ ዓመታት በኋላ በ1990 ነው።

ኮፓን ውስጥ ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው አንድ ዝቅ ያለ ድንጋይ አለ። ኤል የተባለው መሠዊያ ነው። በ822 አንድ ንጉሥ መንገሡን ለማወጅ የተጀመረ ሲሆን አንደኛው ጎኑ ተቀርጿል፤ በሌላኛው ላይ ሥራው ተጀምሮ ቆሟል፤ የቀሩት ሁለቱ ባዶ ናቸው። ጠራቢው መዶሻውን አስቀምጦ የሄደው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ በኮፓን የተቀረጸ ቀን አልተገኘም።

በአሜሪካ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይህ ጉዞ ከሚገመተው በላይ ቅርብ ነው። ሜክሲኮ የጸና የአሜሪካ ቪዛ ወይም የአሜሪካ መኖሪያ ፈቃድ ላለው ሰው የራሷን ቪዛ አትጠይቅም፤ የካናዳ፣ የእንግሊዝና የሼንገን ቪዛም እንዲሁ ይሠራል። ከእነዚህ አንዱ ሳይኖረው ከአዲስ አበባ የሚነሳ ግን የሜክሲኮን ኤምባሲ ማነጋገር ይኖርበታል። ለጓቲማላ፣ ለቤሊዝና ለሆንዱራስ ደግሞ ደንቡ የተለያየ ስለሆነ ለእያንዳንዱ ለብቻው መጠየቅ ይገባል። በደቡብ ሜክሲኮ የኢሚግሬሽን ሠራተኞች አውቶቡስ እያስቆሙ ሰነድ ይጠይቃሉ። ወደ ሰሜን ለመሻገር ተስፋ አድርገው በዚሁ መንገድ ካለፉት ስደተኞች መካከል ከአፍሪካ ቀንድ የመጡ ወገኖቻችንም ስላሉ፣ ጥቁር መንገደኛ ከሌላው ይልቅ ደጋግሞ ቢጠየቅ አያስገርምም። ፓስፖርትና የመግቢያ ማኅተም ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ኪስ ውስጥ መሆን አለበት። በሜክሲኮ ሲቲ የሚያልፍ ደግሞ ኢትዮጵያ በሚባለው የሜትሮ ጣቢያ ይውረድ፤ ምልክቱ የአንበሳ ራስ ነው። ሜክሲኮ የጣሊያንን ወረራ ካልተቀበሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1954 ሄደው ጎብኝተዋታል።

ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ካንኩንን፣ ሜሪዳንና ፓሌንኬን የሚያገናኝ ማያ የተባለ ባቡር ሥራ ጀምሯል። ርዝመቱ 1,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሲሠራ ብዙ ደን ስለተመነጠረና በሴኖቴዎቹ ላይ ጉዳት ስለደረሰ ክርክሩ ዛሬም አልበረደም። ጣቢያዎቹ ብዙ ጊዜ ከከተሞቹ ውጭ ስለሆኑ ከባቡሩ ወርዶ እንደገና መኪና መፈለግ ያስፈልጋል። መሐል ከተማ ከሚያወርደው አውቶቡስ ጋር ሲወዳደር ለጊዜው ብልጫው ለአውቶቡሱ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው አምስቱን አገር በአንድ ጉዞ ለመጨረስ አይሞክር። ዝናቡ ካቆመበት ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ፣ ቫያዶሊድንና ሜሪዳን ማደሪያው አድርጎ በዩካታን ይጀምር፤ ጊዜ ካለው ፓሌንኬን ይጨምር። በየፍርስራሹ በር ፈቃድ ያላቸው የአካባቢው አስጎብኚዎች ይገኛሉ፤ ዋጋውን አስቀድሞ ተስማምቶ አንዱን መያዝ ለሰውየውም ለመንደሩም ይጠቅማል። ለኮሌክቲቮና ለመግቢያ የሚሆን ጥሬ ገንዘብ በኪስ ይኑር፤ ድንጋዩ ላይ አይቆም፣ የተቀረጸው አይነካ። የመጨረሻውን የመመለሻ አውቶቡስ ሰዓት ደግሞ ከመውረዱ በፊት ይጠይቅ።